«ታክ ኢን» ሲሉት ማልያውን ቁምጣው ውስጥ ከተተ

ሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ሐይቁ ገና ጭጋጉን አልገፈፈም። በአሞራ ገደል በኩል አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጥልላቸውን ሰው እየጠበቁ እንደ አገር ሽማግሌ ቆመዋል። ከእነሱ ፈንጠር ብሎ፣ ሣሩ ተላጦ አፈሩ ብቻ በቀረበት ሜዳ ላይ፣ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ኳስ ይዘዋል። ለዚህ ጽሑፍ ስል ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ብቻ ከፈትኩ።

«ማን ኦን!»

«ታይም! ታይም አለህ!»

«ላይን! በላይን ልቀቀው!»

«ኧረ ሰው አለብህ፣ አንተ!»

የመጨረሻዋ ስትመጣ ነገሩ እንደከረረ ይገባችኋል። ኳሱ ሊነጠቅ ሲል ሁሉም ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። አንዱ በሲዳምኛ፣ ሌላው በወላይትኛ፣ የሚበዛው በአማርኛ ይጮኻል። እኔን የሳበኝ ግን አሥር ዓመት የማይሞላው አንድ ትንሽ ልጅ ነው። እሱ እንግሊዝኛም፣ ግራም፣ ቀኝም አላስፈለገውም። «በሐይቁ በኩል! በሐይቁ በኩል ስጠኝ!» ይላል።

እውነቱን ነው። ሐይቁ በምዕራብ ነው፣ ትናንትም ነገም እዚያው ነው። ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ስለሆነ ወደ ሰሜን ለሚያጠቃ ቡድን ሐይቁ በግራው ይውላል። ጉዱ የሚመጣው ከእረፍት በኋላ ነው። ጎል ሲቀያየሩ ያው ሐይቅ ቀኝ ይሆናል። «የሐይቁ ልጅ» ተብሎ የተሰለፈው ተጫዋች ሐይቁን ይከተል ወይስ ግራውን? እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ተነስቶ አምስት ደቂቃ በላ። አዲስ አበባ ስታዲየም ያደገ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። እኛም «በካታንጋ በኩል ያለው ተመላላሽ»፣ «በሚስማር ተራ በኩል ያለው ጎል» እያልን ነው የኖርነው። አቅጣጫ ሲባል መጀመሪያ የምናስበው ቦታውን ነው፣ የሰውየው አካል ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ከመናኸሪያ ወደ ሐይቁ እያደረሰኝ ስለ ኳስ ተጫወትን። ወጣት ሳለ የቀኝ ተመላላሽ ነበር። ከዓመታት በፊት ከውጭ የመጣ አንድ አሰልጣኝ ልጆች ሊመርጥ ሙከራ ሲሰጥ እሱም ተሰልፏል። «ጋሼ፣ ሙት! ጥሩ ነበርኩ» አለኝ። «አሥር ደቂቃ ሙሉ ክንፉን እንደ ጉድ ዘጋሁት። ከዚያ ሰውየው ከዳር ሆኖ ‹ታክ ኢን! ታክ ኢን!› እያለ ጮኸብኝ። እኔ ቃሏን የማውቃት ከትምህርት ቤት ነው። ሸሚዝህን ክተት ማለት ነች። ማልያዬ ወጥቶ ነበር፣ አፈርኩ። ቆሜ ቁምጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ቀና ስል ኳሷ በእኔና በመሐል ተከላካዩ መካከል አልፋ መረቡ ላይ አየኋት።»

ሰውየው ያለው «ወደ መሐል ግባ፣ ከመሐል ተከላካዩ ጋር ተጠጋ፣ ክፍተቱን ዝጋ» ነበር። ኳሱ በሌላው ክንፍ ሲሆን የዚህኛው ክንፍ ተመላላሽ ዳሩን ለቆ ወደ ውስጥ መጠጋት አለበት። ያንን ሁሉ እንግሊዞች በሁለት ቃል ይጨርሱታል። ያቺው ቃል ሦስተኛ ፍቺም አላት፣ ማዕድ ላይ «ጥሩ አድርገህ ብላ» ማለት ነው። ሾፌሩ ይህን ስነግረው ሳቀና «እሱንስ ቢለኝ ይሻል ነበር» አለ። አልተመረጠም። «በዚያች ቃል ምክንያት ነው የቀረሁት አልልም» አለ ሒሳብ እየተቀበለኝ፣ «ግን በዚያች ቃል ምክንያት አይደለም የሚለኝም የለም።»

እንግዲህ ከሁሉም የምትቀለው ቃል ላይ እንጀምር። ግራ። የማን ግራ? በኳስ ሜዳ ግራና ቀኝ የሚቆጠሩት ጀርባህን ለራስህ ጎል፣ ፊትህን ለተጋጣሚው ጎል ሰጥተህ ነው። ስለዚህ ቡድኑን በትክክል የሚያየው በረኛው ነው፣ የእሱ ግራ የሁሉም ግራ ነው። ተመልካች ግን ዳር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያየው። የእኛ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ተራኪዎች ጨዋታ ሲጀምሩ «ከግራ ወደ ቀኝ የሚያጠቁት» ብለው የሚነግሩን ለዚህ ነው። ያ ግራ የካሜራው ግራ ነው፣ «የግራ ተመላላሽ» የሚባለው ግራ ደግሞ የቡድኑ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ግራ ሲገባ ግር ያለው አድማጭ ጥፋተኛ አይደለም።

ይህ ችግር ሬዲዮ ኳስን ማስተላለፍ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ ያለ ነው። ቢቢሲ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ በቀጥታ ያስተላለፈው እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1927 ነው፤ አርሰናል ከሼፊልድ ዩናይትድ፣ ሃይበሪ ላይ፣ 1 ለ 1። አድማጩ ኳሱ የት እንዳለ እንዲገባው በሬዲዮ ጣቢያው መጽሔት ላይ ሜዳው በ8 ካሬ ተከፍሎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ታተመ። አንዱ ሰው ጨዋታውን ሲተርክ ሌላው ከጎኑ ሆኖ የካሬውን ቁጥር ይጠራ ነበር። «አራት፣ አምስት፣ ሰባት...» እያለ። እኛ ካርታ አልታደለንም፤ እነ ደምሴ ዳምጤን የመሰለ ድምፅ ነበረን፣ ኳሱ ጎል አካባቢ ሲደርስ ከድምፁ መለወጥ ነበር የምናውቀው።

ሜዳ ውስጥ ላለ ተጫዋች ግን ግራ የሚባለው ነገር ሌላ ጣጣ አለው። ተከላካይ ወደ ራሱ ጎል እየሮጠ ሲሆን ግራው ከቡድኑ ግራ ጋር አይገጥምም። ለዚህ ነው ጥሩ በረኞች «ሌፍት» ብቻ ብለው የማይተዉት። «ሌፍት ሾልደር!» ይላሉ፤ በግራ ትከሻህ በኩል መጥቶብሃል ማለት ነው። ትከሻ የማንም አይደለም፣ የሰሚው ነው። በአማርኛም «ግራ!» ከማለት «ግራህን!» ማለት ይሻላል። ያቺ የ«ህ» ፊደል ሥራዋን ትሠራለች።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ልከራከርለት። «ተርን!» ስትሉ ለማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ስም ካልጨመራችሁ አምስት ሰው ይዞራል። የእኛ «ዙር!» ለአንድ ወንድ ነው፣ «ዙሩ!» ለብዙዎች ነው፣ በሴቶች ሊግ ደግሞ «ዙሪ!» ነው። «ውጡ! ውጡ!» የሚል በረኛ ተከላካዮቹን በሙሉ ወደ ፊት እየገፋ ነው፣ «ውጣ!» ያለ እንደሆነ አንዱን ነው። እንግሊዝኛው ይህንን ሁሉ በ«ስቴፕ አፕ» ያልፈዋል። ታዲያ አማርኛው የሚሸነፍበትም ቦታ አለ። «ከኋላህ ሰው እየመጣብህ ነው» ብላችሁ ሳትጨርሱ ኳሱ ሄዷል። ልጆቹ «ማን ኦን»ን የወደዷት ስለምታጥር ነው እንጂ እንግሊዝኛ ስለሆነች ብቻ አይመስለኝም። «ታይም»ም እንደዚያው፤ ቀጥታ ብትፈታ «ሰዓት» ነች፣ ትርጉሟ ግን «ብቻህን ነህ፣ አትቸኩል» ነው።

ላይና ታች ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። «አፕ» ወደ ተጋጣሚ ጎል ነው። ጥሩ። «ዳውን ዘ ላይን» ሲሉስ? «ዳውን» ታች አይደል? ግን እሱም ወደ ተጋጣሚ ጎል ነው፣ የዳሩን መስመር ተከትለህ ወደ ፊት ማለት ነው። ወደ ኋላ ተመለስ ለማለት «ድሮፕ» ይላሉ። «ዲፕ» የተባለ እንደሆነ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ፤ «ዲፕ የሚጫወት አማካይ» ወደ ራሱ ተከላካዮች የተጠጋ ነው፣ «ዲፕ ገብተው እያጠቁ ነው» ሲባል ግን ተጋጣሚው ሜዳ ውስጥ ጠልቀው ገብተዋል ማለት ነው። ሀዋሳ ሜዳማ ከተማ ነች፣ ሽቅብና ቁልቁል ብዙ አያስጨንቃትም። ደሴ ወይም ጎንደር ተዳፋት ላይ ኳስ የተጫወተ ልጅ ግን «ወደ ላይ» ሲባል የሚያስበው ዳገቱን ነው።

«ስኩዌር» የሚሏት አለች። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ያልሆነች፣ ወደ ጎን በቀጥታ የምትሰጥ ኳስ ነች። አናጢዎቻችን ስኳድራ የሚሉትን መለኪያ አስቡ፣ ከመስመሩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለምትሠራ ነው። (ስኳድራ በጣሊያንኛ ቡድንም ማለት ነው። ማልያና ታኬታን ከጣሊያን ተቀብለን እሷን ለአናጢ መተዋችን ይገርመኛል።)

ከአቅጣጫ ቃላት ሁሉ ብዙ ጎል የምታስቆጥረውና የምታስገባው «ባክ ፖስት» ሳትሆን አትቀርም። «ፋር ፖስት»ም ይሏታል። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ከኳሱ የሚርቀው ቋሚ። ቋሚዋ ግን ራሷ አትሄድም እንጂ ስሟ ይሄዳል። ኳሱ በቀኝ ማዕዘን ላይ ሲሆን «ባክ ፖስት» የነበረችው፣ ኳሱ ወደ ግራ ሲዞር «ኒር ፖስት» ትሆናለች። የሐይቅ ዳሩ ልጅ «በሐይቁ በኩል ያለው ቋሚ» ቢል ስሟ አይለወጥም ነበር፤ ግን ሌላ ከተማ ሄዶ ሲጫወት ሐይቁን ይዞ አይሄድም።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ የዚህ ሁሉ ጣዕም እዚህች ጋ ነው። እንግሊዝኛው «ክሮስ» ይላል። ከዳር ወደ መሐል አቋርጦ የሚሄድ ኳስ ነው፣ ቃሉ የኳሱን መንገድ ይናገራል። አማርኛው ምን ይላል? «አሻማ»። ሰዎች ተሻሙበት፣ እሱ አሻማቸው። የእኛ ቃል ኳሱ የሄደበትን መንገድ ትቶ ጎሉ አፍ ላይ የሚጠብቁትን ሰዎች ግፊያ ነው የሚያየው። የድግስ ቤት ቃል ነው! በአንጻሩ «ስሩ ቦል» የሚሉትን እኛ «ሰነጠቀለት» እንላለን፣ እንደ ማገዶ። ይህቺኛዋ ከእንግሊዝኛው ትበልጣለች ብል አላጋነንኩም፤ እንግሊዝኛው «በመካከል አለፈ» ሲል አማርኛው ተከላካዩን ለሁለት ሲከፍለው ታያላችሁ።

ስለ ማሻማት ካነሳን ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም የነበረ ሰው ይመስክር። ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት በኃይሉ አሰፋ የላካት ኳስ በበረኛው በቪንሰንት ኢንየማ አናት ላይ አልፋ ገባች። ያሻማት ናት ወይስ የመታት? ዛሬም ቡና ቤት ውስጥ ያነጋግራል። ስታዲየሙ ግን በዚያች ሰዓት ስሟን አልጠየቀም። (ጨዋታውን 2 ለ 1 ተሸነፍን። ተዉት።)

«ኦፍሳይድ»ን አብዛኞቻችን የአቅጣጫ ቃል አድርገን ነው የምንወስደው፣ «ሳይድ» ጎን ስለሆነ። የድሮ የእንግሊዝ ተማሪ ቤት ልጆች ግን «ሳይድ» ሲሉ ወገን፣ ቡድን ማለታቸው ነበር። ከኳሱ ቀድሞ የተገኘ ልጅ ከወገኑ ተለይቷል፣ «ከሳይዱ ወጥቷል» ይባል ነበር። የእኛ «ከጨዋታ ውጭ» ቃሉን ሳይሆን ፍርዱን ነው የተረጎመው። ይህ ሕግ ደግሞ ሌላ ቃል አበላሽቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 1925 ድረስ በአጥቂውና በጎሉ መስመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው፣ በዚያ ዓመት ወደ ሁለት ወረደ። ጎል በዛ። የአርሰናሉ ኸርበርት ቻፕማን በአማካዮቹ መሐል ይጫወት የነበረውን «ሴንተር ሃፍ» ወደ ኋላ ስቦ በሁለቱ ተመላላሾች መሐል አቆመው። ሰውየው ሄደ፣ ስሙ ግን ቀረ። እንግሊዞች ዛሬም የመሐል ተከላካዩን ብዙ ጊዜ «ሴንተር ሃፍ» ይሉታል። ቁጥሩም 5 ነው፤ ከ4 እና ከ6 መሐል፣ የአማካዮች ቁጥር። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ አሰልጣኝ «ሃፍ» ብሎ ቢጠራችሁና መሐል ሜዳ ብትቆሙ ጥፋቱ የእናንተ ሳይሆን የቻፕማን ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ይኖራል። የማንቸስተርና የአርሰናል ደጋፊ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ «ኦቨርላፕ» ሲባል በሚገባ ያውቃል። በተለይ የ1996ቱን ዓመት ያየ ሰው! አሽሊ ኮል በውጭ በኩል፣ በዳሩ እየሮጠ ሲያልፍ፣ ፒሬስ ኳሱን ይዞ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ሄንሪ ደግሞ ከመሐል ወደ ግራ ሲወጣ። «አውትሳይድ»ና «ኢንሳይድ» የሚሉትን ከዚያ የተሻለ ያስተማረን ጥቁር ሰሌዳ የለም። አርሰናል ሳይሸነፍ ዋንጫ በወሰደበት በዚያው ዓመት እዚህ ደግሞ ሀዋሳ ከነማ ፕሪሚየር ሊጉን በላ፤ ሊጉ በዚህ ስም ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ደገሙት። የዚያን ጊዜ የሐይቅ ዳር ጭፈራ እስከ ሌሊት ነበር ይላሉ የነበሩት።

ማየትና መስማት ግን ይለያያሉ። ተመልካች ቃሉን ከድርጊቱ በኋላ ነው የሚሰማው። ተጫዋች ከድርጊቱ በፊት መስማት አለበት፣ ለማሰብም ግማሽ ሰከንድ የለውም። ከዚህ ከተማ የተነሱ ተጫዋቾች ደግሞ ሩቅ ሄደዋል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ዛምቢያን አቻ ያደረገልን አዳነ ግርማ የሀዋሳ ልጅ ነው። (ጥር 13 መልካም ቀን ናት፤ በ1954 ዓ.ም. ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድነውም በዚያው ዕለት ነበር።) ሽመልስ በቀለም ከዚሁ ተነስቶ ግብጽ ፔትሮጄት ድረስ ዘልቋል። ሎዛ አበራ በሀዋሳ ማልያ ተጫውታ፣ በደደቢት ጎል አዝንባ፣ ማልታ ለቢርኪርካራ ተሰለፈች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ አሜሪካ ለዲሲ ፓወር ፈረመች። መሄድ ብቻም አይደለም፣ ወደ እኛም ይመጣሉ። የሊጋችን ክለቦች ከምዕራብ አፍሪካና ከኡጋንዳ በረኞች ሲያስመጡ ስንት ዓመታቸው ነው! በረኛ ማለት ደግሞ የቡድኑ አፍ ነው። አፉ «አዌይ!» ሲል ተከላካዩ ኳሱን ማውጣት እንጂ «ምን አልክ?» ማለት አይችልም።

ብሔራዊ ቡድናችንም አይቶታል። ኢፊ ኦኑራ፣ ቶም ሴይንትፊት፣ ማሪያኖ ባሬቶ እየተፈራረቁ አሠልጥነውታል። በመልበሻ ክፍል አስተርጓሚ ይኖራል፣ በልምምድም ይኖራል። ጨዋታ ላይ ግን አስተርጓሚ ከተመላላሹ ጎን አይሮጥም።

ከሁሉም ሰዎች ይህን ጣጣ የተገላገሉት ዳኞች ይመስሉኛል። እነ ባምላክ ተሰማና ሊዲያ ታፈሰ በዓለም ዋንጫ መድረክ ሲሰየሙ ከሥራ ጓዶቻቸው ጋር እንግሊዝኛ ያስፈልጋቸዋል፤ ለተጫዋቹና ለተመልካቹ ግን እጅና ባንዲራ ይበቃቸዋል። የመስመር ዳኛው ኦፍሳይድ ሲሆን መጀመሪያ ባንዲራውን ቀጥ አድርጎ ያነሳል። ከዚያ ወደ ፊት ያዘነብለዋል። ወደ ላይ ካጋደለው ጥፋተኛው በወዲያኛው ዳር ነው፣ አግድም ከያዘው መሐል ላይ ነው፣ ወደ ታች ካዘነበለው እሱ አጠገብ በዚህኛው ዳር ነው። ሩቅ፣ መሐል፣ ቅርብ። አንድም ቃል የለም፤ ባህር ዳርም ብራዚልም አንድ ነው። እስኪ በሚቀጥለው ጨዋታ ላይ ልብ በሉ፣ ብዙዎቻችን ባንዲራው መነሳቱን አይተን ስድብ ስለምንጀምር የቀረውን አናየውም።

ወደ ሜዳው ልመለስ። ልጆቹን የሚያሠለጥናቸው ሰው ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለው። «ኮች» ነው የሚሉት። እንግሊዝኛውን ማን እንዳስገባው ስጠይቀው ሳቅ አለ። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በሱፐርስፖርት መተላለፍ ሲጀምሩ ሀዋሳም ከአስተናጋጅ ከተሞች አንዷ ነበረች። ኮቪድ ተመልካቹን ስላሳሳው የተጫዋቾቹ ጩኸት በማይክሮፎን ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። «ልጆቹ ቴሌቪዥን ላይ ሰምተው ሰኞ ጠዋት ይዘውት መጡ» አለኝ። «እኔ ማስተካከል ብቻ ነው ሥራዬ።»

እንዴት ነው የምታስተካክለው አልኩት።

«መጀመሪያ በአማርኛ ነው። ‹ሰው አለብህ› ሲባል ሳያይ ኳሱን ከጠበቀ፣ ‹ማን ኦን›ም አይጠቅመውም። አማርኛውን እግሩ ከሰማ በኋላ እንግሊዝኛውን እጨምርለታለሁ። በሳምንት አንዲት ቃል። ሁለት ካደረግኩት ይቀላቅሉታል። ‹ሾው ሂም ኢንሳይድ›ን ለማስተማር ግን አንድ ወር ፈጀብኝ። አሳየው ስትለው በእጁ የሚያሳይ ልጅ አለ።» ነገሩ ተከላካዩ የውጩን በር ዘግቶ፣ አጥቂው ወደ መሐል እንዲገባ መንገድ እንዲተውለት ነው። ትተህለት፣ ግን አንተ መርጠህለት። «አንዴ ከገባቸው ደግሞ» አለ ኮች፣ «ቃሉን አትፈልገውም፣ ትከሻህን አዙረህ ስትቆም ጓደኛህ ይገባዋል።»

አንዳንድ አንጋፋ ደጋፊዎች በዚህ እንግሊዝኛ ይበሳጫሉ። ሐይቅ ዳር ቁርስ ስበላ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት «እኛ በባዶ እግር ስንጫወት ማንም ‹ታይም› አላለንም፣ ሰዓትም አልነበረንም» አሉኝ። ከእርሳቸው ጋር በግማሹ እስማማለሁ። ሜዳ ላይ ያሉት አሥራ አንዱም አማርኛ የሚሰሙ ከሆነ፣ በአማርኛ ቢጮኹ ይፈጥናል። ያቺ የባጃጅ ሾፌር ታሪክ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ኮች «ታክ ኢን»ን አስተምሯቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። «ስንት ጊዜ!» አለ፤ ወዲያው ወደ ሜዳው ዞሮ ጮኸ። በወዲያኛው ዳር ቆሞ የነበረ ቀጭን ልጅ ኳሱን እያየ ሦስት እርምጃ ወደ መሐል ገባ። ማልያው እስከ ጉልበቱ ተንዘርፍፏል፣ አልነካውም።

በዚያው ቅጽበት አንዱ ጠለዘና ኳሷ በሣሩ ላይ ነጥራ ሐይቁ ውስጥ ገባች። «አውት!» ተባለ። የማን? ሁለቱም ቡድኖች እጃቸውን ዘረጉ፣ እነዚህ ወደዚህ ጎል፣ እነዚያ ወደዚያ ጎል። ያ ትንሹ ልጅ ጫማውን አውልቆ እየገባ ነበር።